ቻርጅ ያለው ቀለም ሲሊካ ኤሮጄል ውስጥ፦ ጄሉ ሲይዝ ደማቅ ነው፣ ሳጥበው ይገረጣል

ጄል ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሲሊካ ኤሮጄል (ፈሳሹ ወጥቶ ቀዳዳዎቹ በአየር የተሞሉ ጄል) ውስጥ ሩቴኒየም ትሪስባይፒሪዲን የሚባል፣ ኦክሲጅን ሲያገኘው ፍካቱ የሚደበዝዝ ቀለም አስገብቼ የኦክሲጅን ሴንሰር ልሠራ እየሞከርኩ ነው። ቀለሙን የምጨምረው ገና ሶል (ያልያዘ ፈሳሽ) እያለ ነው። ቲኢኦኤስ (ሲሊካው የሚሠራበት ፈሳሽ)፣ ኢታኖል፣ ውሃ፣ ቀለሙ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጄሉን ለማስያዝ ትንሽ አሞኒያ። ሲይዝ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ይሆናል። ዓይን ይማርካል።

ጣጣው የሚጀምረው እጥበቱ ላይ ነው። ከማድረቄ በፊት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለውን ውሃ በንጹህ ኢታኖል መተካት አለብኝ። ኢታኖል ውስጥ አስቀምጬው ሳድር ግን ኢታኖሉ ራሱ ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጄሉ ደግሞ ገርጥቷል።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ቀለሙ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። የሲሊካ ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን አይያዝም? የሚቀረውስ ለሴንሰር ይበቃል ወይስ በኬሚካል ቦንድ ካልታሰረ ዋጋ የለውም?

ሲላኖል

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሦስት ነገር ንገረን። ሶሉ ስንት ሚሊሊትር ነው? ቀለሙ ምን ያህል ገባ? ጨዉስ የቱ ነው፣ ክሎራይድ ወይስ ሌላ?

ጄል ወዳድ

ሶሉ 10 ሚሊሊትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ 2 ሚሊሊትሩ ቲኢኦኤስ ነው። ቀለሙ በሶሉ ውስጥ 0.1 ሚሊሞላር ይሆናል። ጨዉ ክሎራይድ ነው።

ሲላኖል

ጥሩ፣ አብረን እናስላ።

2 ሚሊሊትር ቲኢኦኤስ ወደ 9 ሚሊሞል ነው። ሙሉ ለሙሉ ወደ ሲሊካ ከተለወጠ ግማሽ ግራም አካባቢ ይሰጥሃል። የሲሊካ ኤሮጄል የገጽ ስፋት በአብዛኛው በግራም ከ500 እስከ 1000 ካሬ ሜትር ነው። 700 ብለን እንያዝ። ያንተ ቁራጭ ውስጥ ወደ 350 ካሬ ሜትር ገጽ አለ ማለት ነው። ያስገባኸው ቀለም 1 ማይክሮሞል ነው። ብታካፍለው ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ወደ 580 ካሬ ናኖሜትር ይደርሰዋል። ሞለኪውሉ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ከ1 ናኖሜትር ብዙም አይበልጥም።

ስለዚህ ቦታ አልጠበበም። ቦታ ሞልቷል። ችግሩ ቦታው የሚይዝበት ጉልበት ነው።

የሲሊካ ገጽ ኔጋቲቭ የሚሆነው ሲላኖሎቹ (ገጹ ላይ ያሉት የሲሊኮን፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ጫፎች) ፕሮቶናቸውን ሲለቁ ነው። ፒኤች 2 ወይም 3 አካባቢ ገጹ በድምሩ ቻርጅ የለውም። ከዚያ በላይ ስትወጣ ኔጋቲቭነቱ እየጨመረ ይሄዳል። አሞኒያ የገባበትና ውሃ ያለበት ሶል ውስጥ ሁኔታው ለቀለሙ ምቹ ነው። ግን እዚያው አሞኒየም አዮንም አለ። እሱም ፖዘቲቭ ነው፣ ቁጥሩም ከቀለሙ እጅግ ይበልጣል። ለነዚያው ቦታዎች ይሻማል። ስለዚህ ከቀለሙ ከፊሉ ገጹ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ከክሎራይዱ ጋር እንደሆነ ቀዳዳው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ይቀራል። ኢታኖል ስትጨምር መጀመሪያ የሚወጣው ይሄ ሁለተኛው ነው። ቀለሙ ብቻውን አይወጣም፤ ክሎራይዱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ኢታኖሉ ራሱም ጠላት ነው። ሲላኖል ደካማ አሲድ ነው። ኢታኖል ውስጥ ደግሞ ፕሮቶኑን የመልቀቅ ፍላጎቱ የባሰ ይቀንሳል።

እኔ ብሆን ጄሉ እንደያዘ ወደ እጥበት አልሮጥም። እዛው እናት ፈሳሹ (የያዘበት ፈሳሽ) ውስጥ፣ በደንብ ተከድኖ፣ ይብሰል፤ ማለትም ይቆይ። በዚያ ጊዜ ሲሊካው እየሟሟ መልሶ በቅንጣቶቹ መገናኛ ላይ ይጋገራል። ግድግዳው ይጠነክራል፣ ከቀለሙም የተወሰነው ተከቦ ይቀራል።

ብርሃን ለኪ

ሲላኖል ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፤ ለኔ ግን የነገሩ ልብ እሱ ነው። ስንት እንደወጣ በዓይን አይታወቅም። ለካው።

የታጠበበትን ኢታኖል አትድፋው። ኩቬት (የመለኪያ ብርጭቆ) ውስጥ ጨምረህ 452 ናኖሜትር ላይ አብዞርባንሱን፣ ማለትም የብርሃን መምጠጡን መጠን፣ አንብብ። የዚህ ቀለም የሞላር መምጠጫ እዚያ ላይ 14,600 አካባቢ ነው። ለምሳሌ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት 0.29 ካነበብክ ኢታኖሉ ውስጥ 0.02 ሚሊሞላር ቀለም አለ። የኢታኖሉን መጠን ታውቃለህ፤ አባዛው። ካስገባኸው 1 ማይክሮሞል ላይ ቀንሰው። ጄሉ ውስጥ የቀረው ያ ነው። እያንዳንዱን እጥበት ለየብቻ እንዲህ አስላ። ዕቃውን መክደን እንዳትረሳ፤ ኢታኖሉ ከተነነ ቁጥሩ ይዋሻል።

የምትፈልገው እጥበቶቹ እየቀነሱ ሄደው ወደ ዜሮ ሲጠጉ ማየት ነው። ቀለም መውጣቱ ካልቆመ ቀለሙ አልተያዘም ማለት ነው። ዛሬ እጥበት ላይ ያልወጣ ልቅ ቀለም ነገ ሴንሰሩ ሥራ ላይ እያለ ቦታ ይቀይራል፣ ሲግናሉም ይንሸራተታል። አሁን ቢወጣልህ ይሻላል።

ስለመገርጣቱ ብዙ አትጨነቅ። 0.1 ሚሊሞላር ቀለም ያለው 1 ሴንቲሜትር ውፍረት 450 አካባቢ ከገባው ብርሃን ወደ 97 ከመቶውን ይመጥጣል። ብርሃኑ ፊት ለፊት ያልቃል፣ የኋላው ክፍል ጨለማ ነው። ቀለሙ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ገና 81 ከመቶ ይመጥጣል። በዚያ ላይ እንደልብ ተራርቀው የተቀመጡ ሞለኪውሎች አንዱ የሌላውን ፍካት አያዳፍንም።

አሞኒያ አዳኝ

ክሩን ልሰርቅ አይደለም፤ ግን ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እኔ የአሞኒያ ጋዝ ሴንሰር ነው የምፈልገው። ቀለሜ ብሮሞክሬሶል ግሪን ነው። እሱ እጥበት ላይ የሚገረጣ ሳይሆን ጭርሱን ጠፍቶ የሚሄድ ነው። ኤፒቲኢኤስ (አሚን ያለው፣ ከሲሊካ ጋር የሚታሰር ሞለኪውል) ጨምሬ ገጹን ፖዘቲቭ ባደርገውስ?

ሲላኖል

ያንቺ ቀለም ኔጋቲቭ ነው፤ አሲድ በሆነ መልኩም ቢሆን ሰልፎኔቱ ኔጋቲቭ ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ሲሊካው ይገፋዋል እንጂ አይስበውም። ስለዚህ ገጹን መቀየር የሚለው ሐሳብሽ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን ልከራከርሽ።

ኤፒቲኢኤስ ያመጣልሽ ፖዘቲቭነት አሚኑ ፕሮቶን ሲይዝ የሚገኝ ነው። አሚን ቤዝ ነው። ብሮሞክሬሶል ግሪን ከቢጫ ወደ ሰማያዊ የሚዞረው ፒኤች 3.8 እና 5.4 መካከል ነው። አሚን የሞላበት ገጽ ላይ ካስቀመጥሽው ፕሮቶኑን አሚኑ ይወስድበታል፤ ገና አሞኒያ ሳያይ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ በደንብ ተያዘ፣ ግን መልስ መስጠት አቆመ። ይሄ ደግሞ ካለመያዙ አይሻልም።

ሌላው ማስያዣሽ አሞኒያ ከሆነ ያንኑ ልትለኪው የምትፈልጊውን ነገር ገና ከመጀመሪያው ጄሉ ውስጥ አስገባሽው ማለት ነው። አጥበሽ ካልጨረሽው ዜሮሽ ዜሮ አይሆንም።

እኔ የምመርጠው ኳተርነሪ አሞኒየም ያለበትን ሲሌን (ከሲሊካ ጋር የሚታሰር የሲሊኮን ሞለኪውል) ነው፤ ትራይሜቶክሲሲሊልፕሮፒል ትራይሜቲል አሞኒየም ክሎራይድ። ስሙ ረጅም ነው፣ ሥራው ግን ቀላል ነው። ከሲሊካው ጋር በቦንድ ይታሰራል። ፖዘቲቭነቱ ቋሚ ነው፣ ፒኤች አይጠይቅም። የሚሰጥም ሆነ የሚቀበል ፕሮቶን ስለሌለው የቀለምሽን ነገር አያበላሽም። ጥቂት ይበቃል። ከበዛ ጄሉ ደመናማ ይሆንና ብርሃን ይበትናል።

አባ ግፊት

ልጆች፣ ስለ ማድረቁ ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባ። ቻርጁ ሁለተኛ ሥራውን የሚሠራው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ለምን ሱፐርክሪቲካል እንደምናደርቅ። ፈሳሹ ቀዳዳው ውስጥ እንዳለ ቢተን የገጽ ውጥረቱ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የቀዳዳው ራዲየስ 5 ናኖሜትር ቢሆን መጎተቱ በኢታኖል ብቻ ወደ 90 አትሞስፌር ይደርሳል። በውሃ 290 አካባቢ። ስስ ሲሊካ ይህን አይችልም፤ ይጨማደዳል ወይም ይሰነጠቃል። ሳሙኤል ኪስትለር እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳየው መላ ፈሳሹን ከክሪቲካል ነጥቡ አሳልፎ ማስወጣት ነበር። በፈሳሽና በጋዝ መካከል ድንበር የለም፤ ድንበር ከሌለ መጎተት የለም።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አልኮሉን ራሱን ማሞቅ ነው። የኢታኖልም የሜታኖልም ክሪቲካል ሙቀት ወደ 240 ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት ብዙ የኦርጋኒክ ቀለም አይተርፍም። አደጋውም ቀላል አይደለም። በ1984 ስዊድን ውስጥ ሾቦ በምትባል ከተማ ከአንድ ትልቅ ማድረቂያ ሜታኖል አፈትልኮ ፈንድቶ ሕንፃው ፈራርሷል። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ በርክሊ ያሉት እነ አርሎን ሀንት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማድረቅን አቀረቡ። ክሪቲካል ነጥቡ 31 ዲግሪና 74 ባር ነው። ቀለም አይጎዳም፣ አይቃጠልም።

ወደ ቻርጁ ልምጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር አይደለም። ቻርጅ የሌለው ዘይት ወዳድ ቀለም ካስገባችሁ ሟሙቶ አብሮት ሊወጣ ይችላል። አዮን ግን በንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቻርጅ ያለው ቀለም ኢታኖሉን ካለፈ ማድረቂያውን ያልፋል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ኢታኖሉ በደንብ ሳይወጣ ከቀረ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን የማሟሟት አቅም ይጨምርለታል። የሚወጣው ፈሳሽ ቀለም ካለው ኢታኖል አለ ማለት ነው። ታግሳችሁ አጥቡት።

የአሞኒያ ሴንሰሩ ልጅ፣ ለኤፒቲኢኤስ ሌላም ችግር ልጨምርልሽ። አሚን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ካርባሜት ይሠራል። ጥርት ብሎ የገባው ጄል ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ኳተርነሪው ላይ ይህ የለም።

አሞኒያ አዳኝ

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ካርባሜቱን ከዚህ በፊት አይቼው ኖሮ አሁን ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። አባ ግፊት፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። ግፊቱን ስለቅ ፍጥነቱ ለውጥ ያመጣል?

አባ ግፊት

ያመጣል እንጂ። ከክሪቲካል ነጥቡ በላይ ሙቀቱን ያዥና ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ከቸኮልሽ ውስጥ ያለው ጋዝ በጠባቡ ቀዳዳ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ጄሉን ይሰነጥቀዋል። ሙቀቱ ከ31 በታች ከወረደ ደግሞ ጋዙ መልሶ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሸሸሽው መጎተት ተመልሶ መጣ።

ክፍት ቀዳዳ

ይቅርታ፣ ግን ከሥሩ ልጠይቅ። ይህን ሁሉ ግፊትና ትዕግሥት የሚያስከፍለው ኤሮጄል ለምን? ያንኑ ሶል መስታወት ላይ ቀብቶ በአየር ማድረቅ ይቻላል። ዜሮጄል ይሆናል፣ ቀለሙም ጥቅጥቅ ባለው ሲሊካ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። አይታጠብ፣ አይወጣ።

ብርሃን ለኪ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀጭን ቅብ ከበቃህ ዜሮጄል ጥሩ ምርጫ ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ግን «ተቆልፎ ይቀራል» ያልከው ነገር ለሴንሰር ሁለት ስለት አለው። የተቆለፈ ሞለኪውል ጋዙም አያገኘውም።

ኤሮጄል ከ90 ከመቶ በላይ ባዶ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ናቸው። የአየር ሞለኪውል በተለመደው ግፊት ከሌላ ሞለኪውል ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት ወደ 68 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ጋዙ የሚጋጨው በዋናነት ከግድግዳው ጋር ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ማን ተቀምጧል? ቀለሙ። ለዚህ ነው ወፍራም ቁራጭ እንኳ ቶሎ የሚመልሰው።

በ1999 እነ ኒኮላስ ሌቨንቲስ ዳያዛፓይሬኒየም የሚባል ፖዘቲቭ ሞለኪውል ከሲሊካው ጋር በቦንድ አስረው ኦክሲጅን ለክተውበታል። የምላሹ ፍጥነት ኦክሲጅን በክፍት አየር ከሚሰራጭበት ፍጥነት ጋር የተቀራረበ ሆኖ ነው ያገኙት። ይህ ለጄል ወዳድ የመጨረሻ ጥያቄም፣ በቦንድ ካልታሰረ ለሚለው፣ መልስ ነው። ማሰር ይቻላል፣ ዘላቂም ነው። ግን ቀለሙን መጀመሪያ ሲሌን ያለው አድርጎ ማዘጋጀት ይጠይቃል፤ ያ ራሱን የቻለ የሲንተሲስ ሥራ ነው። የሚለካው ደረቅ ጋዝ ከሆነና የመጨረሻው እጥበት ንጹህ ከወጣ በቻርጅ ብቻ የተያዘው ይበቃል ባይ ነኝ። ፈሳሽ ውስጥ ልትነክረው ካሰብክ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ክፍት ቀዳዳ

ፈሳሹን ካነሳህ አይቀር፣ ተራ ሲሊካ ኤሮጄል ውሃ ሲነካው ይፈርሳል አይደል?

ብርሃን ለኪ

አዎ። አባ ግፊት ያሉት መጎተት ውሃው ሲገባም ሲወጣም ይመጣል። ገጹን ውሃ የማይወድ ማድረግ ይቻላል፤ ሲላኖሎቹን በትራይሜቲልሲሊል መሸፈን ነው። ግን አስተውል፤ ፖዘቲቭ ቀለማችን የተቀመጠው እነዚያው ሲላኖሎች አጠገብ ነው። ስትሸፍናቸው መቀመጫውን ትቀንስበታለህ። ጋዝ ለሚለካ ሰው ባይሸፍነው ይሻላል። እርጥበቱን ብቻ ይቆጣጠር፤ ገጹ ላይ የሚያርፍ የውሃ ተን ሲግናሉን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ጄል ወዳድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተባልኩት መሠረት አዲስ ጄል ሠርቼ፣ እናት ፈሳሹ ውስጥ አብስዬ፣ እያንዳንዱን እጥበት 20 ሚሊሊትር አድርጌ ለካሁ። የመጀመሪያው 0.29 አነበበ። (ብርሃን ለኪ፣ ምሳሌህ ራሱ ወጣ።) ሁለተኛው 0.07። ሦስተኛው ከንጹህ ኢታኖል የሚለይ አልሆነም። ሲደመር ግማሹ ማይክሮሞል ወጥቷል፣ ግማሹ ቀርቷል።

ደርቆም ወጣ። ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው፤ ጥቁር ነገር ላይ ሳስቀምጠው ዳር ዳሩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ብርሃን ሳበራበት በናይትሮጅን ውስጥ ቀይ ሆኖ ይፈካል፣ አየር ሲገባ ወዲያው ይደበዝዛል። ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

አሁን ካሊብሬሽን ላይ ነኝ። ያለ ኦክሲጅን ያለውን ብርሃን በኦክሲጅን ላለው አካፍዬ ከኦክሲጅኑ መጠን ጋር ስስለው ቀጥ ያለ መስመር ጠብቄ ነበር። ወደ ታች ይጎብጣል። ለምን?

ብርሃን ለኪ

እንኳን ደስ አለህ!

ስተርን እና ቮልመር በፍካት መደብዘዝ ቀመራቸው ያሉት ቀጥ ያለ መስመር የሚገኘው ሁሉም ሞለኪውል አንድ ዓይነት ኑሮ ሲኖረው ነው። ያንተዎቹ አይኖራቸውም። ግማሾቹ ገጹ ላይ ተቀምጠው ኦክሲጅን እንደልቡ ይመታቸዋል። ከፊሎቹ ስታበስለው ሲሊካ ውስጥ ተከበዋል፤ እነሱ ጋር ኦክሲጅን እምብዛም አይደርስም። እነዚህኞቹ ኦክሲጅን ቢበዛም ማብራታቸውን ስለማይተዉ መስመሩ ይጎብጣል። ሁለት ዓይነት ቦታ አለ ብለህ በሁለት ቋሚዎች አስላው፤ ብዙ ጊዜ ዳታውን በደንብ ይገልጸዋል። ጉብጠቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ምን ያህሉ እንደተከበበ ይነግርሃል።

ያ ዳር ላይ ያየኸው ሰማያዊ የሲሊካው ብርሃን መበተን ነው። አጭር የሞገድ ርዝመት ላይ ይብሳል፤ አንተ ደግሞ የምታበራው 450 አካባቢ ነው። የተበተነው ብርሃን ዲቴክተሩ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲግናል ከተቆጠረም መስመሩን ያጎብጣል። ዲቴክተሩ ፊት ከ550 ናኖሜትር በላይ ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር አድርግ። ቀለም የሌለው ተመሳሳይ ጄል ሥራና እሱንም ለካ። ከእሱ የሚመጣውን ቀንስ። ከዚያ በኋላም ጉብጠቱ ካለ የእውነት ነው።

ሙቀቱንም ያዘው። ይህ ቀለም ሲሞቅ ያለ ኦክሲጅንም ይደበዝዛል።

ሲላኖል

አንድ ነገር ልጨምር። የበለጠ ሴንሲቲቭ ማድረግ ከፈለግክ ሊጋንዱን (ሩቴኒየሙን የከበበውን ሞለኪውል) ቀይር። ባይፒሪዲኑ ያለ ኦክሲጅን ውሃ ውስጥ ወደ 600 ናኖሰከንድ ያህል ፈክቶ ይቆያል። ዳይፌኒልፌናንትሮሊን ያለው ሩቴኒየም ከ5 ማይክሮሰከንድ በላይ ይቆያል። ረጅም ጊዜ ፈክቶ የሚቆይ ሞለኪውል ኦክሲጅን እስኪመጣለት ብዙ ጊዜ አለው። ቻርጁ ያው ሁለት ፖዘቲቭ ነው፤ አሁን የሠራኸው የእጥበት ስሌት እንዳለ ይሠራል። ውሃ ላይ ስለሚቸገር ግን መጀመሪያ ኢታኖል ውስጥ አሟሟው።

ጨዉን ስትገዛ ፐርክሎሬቱን ተው። ኦርጋኒክ ሊጋንድ ያለው ደረቅ ፐርክሎሬት ሊፈነዳ ይችላል። ክሎራይዱን ያዝ።

አባ ግፊት

ቲኢኦኤሱንም አትልቀቅ። ጄሉ ቶሎ ይይዛል ብለው ወደ ቲኤምኦኤስ፣ ወደ ሌላ የሲሊካ መሥሪያ ፈሳሽ፣ የሚሄዱ አሉ። ተኑ ዓይን ያጠፋል፤ ከሄድክም ጭስ መሳቢያ ሥር እንጂ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አይሁን።

ጄል ወዳድ

ገባኝ አባ ግፊት፣ በቲኢኦኤስ እቀጥላለሁ። ፊልተሩን አዝዣለሁ፣ ቀለም የሌለው ጄል ደግሞ እየበሰለ ነው። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ስዬ እዚሁ እለጥፋለሁ።